የጤና መድን መታወቂያ ይዞ ከካርድ ክፍል ላለመመለስ፦ ለጎንደር ነዋሪ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በጎንደር መዋጮውን ከፍሎ፣ መታወቂያውን ኪሱ ከትቶ፣ ሕክምናውን ግን ከራሱ ገንዘብ የከፈለ ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ ሲጣራ አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ሆኖ ይገኛል፦ መታወቂያው አልታደሰም፤ ሪፈር (ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚልከው ወረቀት) የለም ወይም ጎደሎ ነው፤ የታመመው ሰው ስም መታወቂያው ላይ አልሰፈረም፤ አለያም ስሙ ሰፍሯል ግን ከሌላው ወረቀት ጋር አይገጥምም። አራቱም ሰው ጤነኛ እያለ የሚስተካከሉ ናቸው። የሚታወሱት ግን በሽተኛ ደግፎ መስኮት ላይ ሲቆም ነው። ስለዚህ ይህን ቤት ውስጥ ማንም ሳይታመም ያንብቡት፤ ቅደም ተከተሉንም አያዛቡ።

ደረጃ 1፦ መድኑ እርስዎን ይመለከት እንደሆነ ይለዩ

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተዘጋጀው መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው፦ ለገበሬ፣ ለነጋዴ፣ ለባጃጅ ሹፌር፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጉሊት ለያዘች እናት፣ ለቀን ሠራተኛ። ለደመወዝተኛውና ለጡረተኛው የታሰበው ሌላ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው ማኅበራዊ ጤና መድን። ባልና ሚስት አንዳቸው ተቀጣሪ፣ ሌላኛው በግል ሥራ ላይ ከሆኑ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሁኔታዎን ለቀበሌው የጤና መድን ተጠሪ በግልጽ ይንገሩ። ደብቆ መመዝገብ በኋላ መታወቂያን ያሰርዛል።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ።

አባልነቱ የቤተሰብ ነው። «የታመመውን ልጄን ብቻ ላስመዝግብ» ማለት አይቻልም። 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በቤተሰቡ መዋጮ ይጠቃለላሉ። 18 የሞላው ልጅ፣ አብረዋችሁ የሚኖሩ አያት ወይም ሌላ ዘመድ ግን ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቅባቸዋል፤ ስማቸውም ለብቻ መጻፍ አለበት። «አብረን ስለምንኖር ይሸፈናሉ» ብሎ ማሰብ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዱትም አያቶች ናቸው።

የሚመዘገቡት በሚኖሩበት ቦታ ነው። መድኑ የሚሠራው ወረዳው ወይም ከተማው ከጤና ተቋማት ጋር በገባው ውል ልክ ነው። ደምቢያ የተመዘገቡ አባት ልጃቸውን ሊጠይቁ ጎንደር መጥተው ቢታመሙ፣ ማራኪ ወይም አዘዞ ያለ ጤና ጣቢያ እንደ ራሱ አባል ላያስተናግዳቸው ይችላል። ድንገተኛ ካልሆነ ቆላ ድባ ተመልሰው እዚያው መታየት፣ ካስፈለገም ከዚያ ሪፈር ይዘው መምጣት አለባቸው። ከስድስት ወር በላይ ጎንደር እርስዎ ጋር የሚቆዩ ወላጅ ካሉዎት፣ በየትኛው ቦታ ቢመዘገቡ እንደሚሻል መዋጮ ከመክፈልዎ በፊት ይወስኑ።

መክፈል ለማይችሉ

የመክፈል አቅም የሌላቸውን ቤተሰቦች መዋጮ መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ነገር ግን ድሃ መሆን ብቻውን አያስመዘግብም፤ በቀበሌው መልማይ ኮሚቴ ተለይቶ፣ ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ያለው ኮታ ውስን ስለሆነ ዘግይቶ የመጣ ለቀጣዩ ዓመት ይቆያል። የሚያደርጉት ይህን ነው፦

• የመዋጮ ዘመቻው ሳይጀመር፣ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም ላይ፣ ቀበሌ ሄደው «የነፃ ተጠቃሚ ልየታ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ።
• የቤተሰብ ብዛት፣ ገቢ፣ የአካል ጉዳት ወይም ዘላቂ ሕመም ካለ የሚያሳይ ወረቀት ይያዙ። ኑሮዎን የሚያውቁ ሁለት ጎረቤቶች ቢመሰክሩልዎ ይጠቅማል፤ የዕድር ዳኛ ቢሆን ደግሞ የተሻለ።
• ዝርዝሩ ሲለጠፍ ሄደው ስምዎን በዓይንዎ ይዩ። ስም ዝርዝር ውስጥ መግባትና መታወቂያ መቀበል የተለያዩ ናቸው። ስሙ ተጽፎለት መታወቂያውን ሳይወስድ ዓመቱን የሚጨርስ ሰው አለ።

ደረጃ 2፦ ወረቀቶቹን አስቀድመው ያሰናዱ

ወደ ቀበሌ ከመሄድዎ በፊት እነዚህን በአንድ ፌስታል ያድርጉ፦

1. የቀበሌ የነዋሪነት መታወቂያ፤ ፋይዳ ካለዎት እሱንም።
2. የቤተሰቡን አባላት ሁሉ ስም፣ ዕድሜና ዝምድና የያዘ፣ በንጹሕ ወረቀት የተጻፈ ዝርዝር።
3. ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ጉርድ ፎቶ። ከእያንዳንዱ ጀርባ ስም ይጻፉ፤ ያልተጻፈበት ፎቶ ተቀያይሮ የእኅት ፎቶ በእኅት ስም ላይ ይለጠፋል።
4. ለሕፃናት የልደት ምስክር ወረቀት፤ ከሌለ የክትባት ካርድ።
5. እድሳት ከሆነ ያለፈው ዓመት መታወቂያና ደረሰኝ።

ስም ላይ ጊዜ ይስጡ

ሰው ንቆ የሚያልፈው፣ በኋላ ግን ብዙ የሚያንገላታው ይህ ነው። ወረቀት ሁሉ ላይ ስም እስከ አያት፣ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይሁን። አንዱ ላይ «ኃ/ማርያም»፣ ሌላው ላይ «ኃይለማርያም»፣ ሦስተኛው ላይ «ሀይለማሪያም» ከተጻፈ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚፈልግዎት ሠራተኛ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ነው የሚያየው። አሳጥረው አያጽፉ። የቤት ስምና የክርስትና ስምም አይቀላቅሉ፤ ልጁ ቤት ውስጥ «ማሙሽ» ቢባልም መታወቂያው ላይ መስፈር ያለበት በልደት ምስክር ወረቀቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ያለው ስም ነው። ፋይዳ ካለዎት የሌላውን ሁሉ አጻጻፍ ከፋይዳው ጋር ያስማሙ።

ዕድሜም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ 52፣ ሌላ ጊዜ 60 የተባለ ሰው ማንነቱ ይጠረጠራል። የትውልድ ዓመትዎን በእርግጠኝነት ባያውቁት እንኳ አንዱን መርጠው በሁሉም ቦታ ያንኑ ይናገሩ።

ደረጃ 3፦ ይመዝገቡ፣ ይክፈሉ፣ እዚያው ያጣሩ

ምዝገባና እድሳት በአብዛኛው የሚካሄደው ገበሬው ሰብሉን በሚሰበስብበት ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ከተማ ውስጥም ዘመቻው ይህንኑ ይከተላል። የዘንድሮውን መዋጮ ከጎረቤት አይስሙ፤ መጠኑ በቤተሰብ ብዛት፣ በከተማና በገጠር ይለያያል፣ ከዓመት ዓመትም ይሻሻላል። ቀበሌ ሄደው «ለዚህን ያህል ቤተሰብ የዘንድሮው ስንት ነው?» ይበሉ።

1. የቤተሰቡን ዝርዝር ለመዝጋቢው ይስጡ፤ ሲጽፍ አጠገቡ ቆመው ይከታተሉ።
2. መዋጮውን ይክፈሉ፤ ማኅተም ያለበት ሕጋዊ ደረሰኝ በእጅዎ ሳይገባ ከቦታው አይነሡ። በዕድር ስብሰባ ወይም በየቤቱ ለሚሰበስብ ሰው ሲከፍሉም ያው ነው። «ደረሰኙን ነገ አመጣዋለሁ» የሚል ካጋጠመዎት፣ ገንዘቡንም ነገ ይስጡት።
3. የደረሰኙን ቁጥር፣ ስምዎንና የብሩን መጠን ያንብቡ። በስልክ ፎቶ ያንሡት።
4. መታወቂያው መቼ እንደሚሰጥ፣ አገልግሎቱስ ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር ይጠይቁ። አዲስ አባል በከፈለበት ቀን ማግሥት መታከም ላይጀምር ይችላል። ቀኑን ደረሰኙ ጀርባ ላይ ይጻፉት።

መታወቂያው ሲደርስ እነዚህን ይዩ፦ የሁሉም ሰው ስም አለ? ፎቶው የራሱ ነው? ማኅተሙ ፎቶውንና ወረቀቱን አገናኝቶ ተረግጧል? የአባልነት ቁጥሩ ይነበባል? የዘመኑ ዓመት ተሞልቷል? የሚታከሙበት ጤና ጣቢያ ስም ተጽፏል? አንዱ ከጎደለ ይዘውት አይሂዱ። ያን ቀን የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን መዝገብ ፍለጋ ይገባል።

ከዚያ መታወቂያውን ገልጠው እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ያንሡ፤ ቤተሰቡ ውስጥ ስልክ ላለው ሁሉ ይላኩ። ዋናው ግን የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ይሁን፣ ቤተሰቡም ሁሉ ይወቀው። አባወራው ቁልፍ ይዞ መተማ ወርዶ ሳለ ልጅ ታምሞ መታወቂያው ሳጥን ውስጥ የተቆለፈበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ያልተጠበቀ ነገር ሲያጋጥም

• መታወቂያው ከዘገየ፦ ደረሰኙን ይዘው የጤና መድን ቢሮ ሄደው፣ አባል መሆንዎን የሚገልጽ ጊዜያዊ ደብዳቤ ይጠይቁ።
• ከጠፋ፦ በዚያው ሳምንት ያመልክቱ። የደረሰኙ ፎቶና የአባልነት ቁጥሩ ካለ ምትኩ ይፈጥናል።
• ልጅ ከተወለደ፦ ልደቱን በ90 ቀናት ውስጥ በወሳኝ ኩነት አስመዝግበው፣ ምስክር ወረቀቱንና ፎቶ ይዘው ስሙን መታወቂያው ላይ ያስጨምሩ። እስከሚቀጥለው እድሳት አይጠብቁ።

መታወቂያ አያውሱ። ስለ ቅጣቱ ብቻ አይደለም። የተዋሰው ሰው የደም ዓይነት፣ የስኳር ውጤት፣ የማይስማማው መድኃኒት ሁሉ የሚጻፈው በእርስዎ ካርድ ላይ ነው። ነገ እርስዎ ራስዎን ስተው ሲገቡ ሐኪሙ የሚያነበው የሌላ ሰው ታሪክ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ሲታመሙ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ

በመድን መታከም የሚጀምረው መታወቂያዎ ላይ ከተጻፈው ጤና ጣቢያ ነው። ሰው «ጤና ጣቢያ ምን አለ?» ብሎ በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል ይሄዳል፤ እዚያ ያለ ሪፈር ሲቀርብ ሙሉውን ወይም ከፊሉን ከኪሱ ይከፍላል። ጤና ጣቢያው ቢያክምዎት ያበቃል፤ ባያክምዎት ሪፈሩን የሚሰጥዎት እሱው ነው።

• ጠዋት ከ2፡30 በፊት ይድረሱ። ከሰዓት የሚመጣ ሰው የላብራቶሪ ውጤቱን ለነገ ያሳድራል።
• ካርድ ከማውጣትዎ በፊት «የጤና መድን አባል ነኝ» ይበሉ። ከፍለው ካርድ ካወጡ በኋላ መታወቂያ ማሳየት ገንዘቡን አይመልስም።
• ለሐኪሙ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ይንገሩ። ከቻሉ ባዶውን ብልቃጥ ይዘው ይሂዱ።

ደረጃ 5፦ ሪፈሩን እንዳይጎድል አድርገው ይውሰዱ

ከሆስፒታል መስኮት የሚመለሰው ሰው አብዛኛው ሪፈር የሌለው አይደለም፤ ጎደሎ ሪፈር የያዘ ነው። ከጤና ጣቢያው ግቢ ሳይወጡ ወረቀቱን ዘርግተው እነዚህን በጣትዎ እየነኩ ያረጋግጡ፦

1. ሙሉ ስም እስከ አያት፣ በመታወቂያው አጻጻፍ።
2. ዕድሜና ጾታ።
3. የጤና መድን አባልነት ቁጥር።
4. የሕመሙ ምክንያትና እስካሁን የተሰጠው ሕክምና።
5. የሚላኩበት ተቋም ስም፤ ከተቻለ ክፍሉም፦ ውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ ማኅፀንና ጽንስ፣ ዓይን።
6. ቀን።
7. የላኪው ባለሙያ ስምና ፊርማ።
8. የጤና ጣቢያው ክብ ማኅተም።

ማኅተም የሚረሳው እንዲህ ነው፦ ባለሙያው ጽፎ ፈርሞ ይሰጣል፣ ማኅተሙ ግን ሌላ ክፍል ነው፣ ያዡም ለምሳ ወጥቷል። ታካሚው «ፊርማው ይበቃል» ብሎ ባጃጅ ይይዛል። አይበቃም። 6፡30 ላይ ሪፈር ከተሰጠዎት 7፡30 ድረስ ቁጭ ብለው ይጠብቁ፤ ከአዘዞ ወይም ከጠዳ ተመላልሶ ከመምጣት ይቀላል።

ዓርብ ከሰዓት የተጻፈ ሪፈር ሌላ ጣጣ አለው። ቅዳሜና እሑድ መደበኛው ተመላላሽ ክፍል ስለማይሠራ፣ ድንገተኛ ካልሆኑ የሚታዩት ሰኞ ነው። የታመመው ሰው እስከ ሰኞ መቆየት ይችል እንደሆነ ላኪውን ባለሙያ ይጠይቁት። የማይችል ከሆነ ሪፈሩ ላይ «ድንገተኛ» ብሎ እንዲጽፍልዎት ያድርጉ።

ሪፈሩን ሁለት ኮፒ ያድርጉ። ዋናውን ሆስፒታሉ ያስቀረዋል፤ ለመድኃኒት ጥያቄም ሆነ ለአቤቱታ የሚፈለገው የእርስዎ ኮፒ ነው።

«ሪፈር አንሰጥም» ቢባልስ? ባለሙያው እዚሁ ይታከማል ብሎ ካመነ የመከልከል መብት አለው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ሕክምናውን ይጀምሩ፣ ካልተሻለዎት መቼ እንደሚመለሱ ይጠይቁና ካርዱ ላይ ያስጽፉ። በቀጠሮው ሲመለሱ «ተሰጥቶት አልተሻለውም» የሚለው ታሪክ ራሱ ሪፈሩን ያስገኛል።

ደረጃ 6፦ ሆስፒታል

ከጎንደር ጤና ጣቢያዎች አብዛኛው ሪፈር የሚሄደው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ከማዕከላዊ፣ ከሰሜንና ከምዕራብ ጎንደር የሚላከውም እዚያው ይገናኛል፤ ሰልፉም በዚያው ልክ ነው።

1. ከመግባትዎ በፊት በአንድ እጅ ይያዙ፦ መታወቂያ፣ ሪፈር፣ ኮፒዎች፣ የነዋሪነት መታወቂያ፣ የቆዩ ውጤቶችና ፊልሞች።
2. መጀመሪያ ሪፈር የሚቀበለውን የሊያዘን ክፍል ይጠይቁ፤ ወረቀቱ እዚያ ይመዘገባል።
3. በጤና መድን መስኮት በኩል ካርድ ያውጡ። ካርዱ ላይ የመድን አባል መሆንዎን የሚያሳየው ምልክት ወይም ማኅተም መኖሩን ይዩ። ያ ምልክት ከሌለ ላብራቶሪውም፣ ራጁም፣ መድኃኒት ቤቱም እንደ ከፋይ ነው የሚያይዎት።
4. ምርመራ በታዘዘ ቁጥር ወረቀቱን መጀመሪያ የመድን መስኮት ያስመቱ፣ ከዚያ ወደ ምርመራ ክፍል ይሂዱ።
5. ቀጠሮ ሲሰጥዎት «ለቀጠሮው አዲስ ሪፈር ያስፈልገኛል?» ይበሉ። ሪፈር የሚያገለግልበት ጊዜ ገደብ አለው። የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ክትትል ያላችሁ በተለይ፣ ቀጠሮው ከመድረሱ ሳምንት ቀደም ብላችሁ መታወቂያው መታደሱንና ሪፈሩ አለማለፉን እዩ።
6. ተኝተው ታክመው ሲወጡ የሚያስፈርሙዎትን ሒሳብ ሳያነቡ አይፈርሙ። ሆስፒታሉ ከመድኑ ገንዘብ የሚጠይቀው በዚያ ወረቀት ነው፤ ያልወሰዱት መድኃኒት ካለበት ይጠይቁ።

ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለውን የግል ሕክምና ከመረጡ መድኑ በመደበኛው አይሸፍነውም። «ቶሎ ይደርስዎታል» ሲባሉ ይህን ያስታውሱ።

ደረጃ 7፦ መድኃኒት ወይም ምርመራ «የለም» ሲባል

ከሁሉ የሚከፋው እዚህ ነው፣ ምሬቱም ትክክል ነው። ሰው ደንግጦ አቅራቢያው ካለ የግል መድኃኒት ቤት ይገዛል፤ ከዚያ ደረሰኝ ይዞ ቢሮ ሲሄድ ይመለሳል። የትኛው ወጪ እንደሚመለስ የሚወስነው መድኑ የገባው ውል ነው፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያድርጉ፦

• ማዘዣው ላይ «በተቋሙ የለም» የሚል ጽሑፍ፣ ፊርማና ማኅተም ያስደርጉ። አፍ ላይ የቀረ «የለም» አያስመልስም።
• ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን «እዚህ ያለ፣ ይህን የሚተካ አለ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይኖራል።
• የመድን መስኮቱን «ውል ያለው መድኃኒት ቤት የቱ ነው?» ይበሉ፤ ካለ እዚያ ይሂዱ።
• የግድ ከውጭ የሚገዛ ከሆነ፣ በታካሚው ስም የተቆረጠ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ብዛትና ዋጋ የተዘረዘረበት ሕጋዊ ደረሰኝ ይቀበሉ። ማዘዣውን ሳያስረክቡ ኮፒ ያንሡ።
• ሰነዱን በዚያው ሳምንት ቢሮ ያስገቡ፤ የተቀበለዎትን ሰው ፊርማ በኮፒዎ ላይ ይያዙ።

ሲቲ ስካን ወይም ሌላ መሣሪያ ተበላሽቷል ተብለው ወደ ግል ቢላኩም መንገዱ ያው ነው፦ ጽሑፍ መጀመሪያ፣ ቢሮ ቀጥሎ፣ ክፍያ መጨረሻ።

ድንገተኛ ሲሆን

ብዙ ደም የሚፈሰው፣ ራሱን የሳተ፣ መተንፈስ ያቃተው፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ግማሽ አካሉ በድንገት የዛለ ሰው ሪፈር አይጠብቅም። በቀጥታ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አንድ ሰው ከታማሚው ጋር ይሁን፣ ሌላው በዚያው ቀን መታወቂያውን አምጥቶ የመድን መስኮቱ ላይ ያስመዝግብ። ሐኪሙ ካርዱ ላይ ድንገተኛ መሆኑን መጻፉን ይዩ፤ ያለ ሪፈር የገባውን የሚያስሸፍነው ያ ጽሑፍ ነው።

መኪና የገጨው ሰው መንገዱ ሌላ ነው። የትራፊክ አደጋ የሚሸፈነው በተሽከርካሪው የሦስተኛ ወገን መድን ስለሆነ፣ የሰሌዳ ቁጥሩን ይያዙ፣ ትራፊክ ፖሊስም ያስመዝግቡ።

የማይሸፈነውና ያለ መድንም ነፃ የሆነው

በመደበኛው ጥቅል የማይካተቱት፦ የመነጽር ዋጋ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ የአካል ንቅለ ተከላ፣ በቋሚነት የሚደረግ የኩላሊት እጥበት፣ ከአገር ውጭ ሕክምና፣ ሕመም ሳይኖር የሚደረግ አጠቃላይ ምርመራ።

በሌላ በኩል ክትባት፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ተቋም ለማንም ነፃ ናቸው። ለእነዚህ መታወቂያ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ፤ በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶች።

መብትዎ ሲከለከል

መስኮት ላይ መጨቃጨቅ ሰልፉን ከማስረዘም በቀር አይጠቅምም። የከለከለዎትን ክፍል፣ ቀን፣ ሰዓትና የተሰጠዎትን ምክንያት ወዲያው ይጻፉ። ከዚያ በቅደም ተከተል ይሂዱ፦ መጀመሪያ የተቋሙ የጤና መድን ተጠሪ ወይም ሥራ አስኪያጅ፣ ቀጥሎ የክፍለ ከተማዎ ወይም የወረዳዎ የጤና መድን ቢሮ፣ ካልሆነ የከተማው ጤና መምሪያ፣ በመጨረሻም የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ቅርንጫፍ። በየደረጃው አቤቱታዎን በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ የመታወቂያ፣ የሪፈርና የደረሰኝ ኮፒ ያያይዙ፤ በራስዎ ኮፒ ላይ «ተቀብያለሁ» የሚል ፊርማና ቀን ሳይዙ አይውጡ። ማመልከቻው የተመራበትን ሰው ስምና የመልሱን ቀን ይጠይቁ፤ በቀኑ መልስ ካልመጣ ያንኑ ኮፒ ይዘው ወደሚቀጥለው ደረጃ ይለፉ።